«እናነሳችኋለን» የተባልን ጊዜ

ከዚህ በፊት ከትምህርት ቤት ደብተር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሰሞኑን ግን በሰፈራችን ያሉትን አሮጌ ግድግዳዎች እያደሱ ነው፣ እርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር ደግሞ ያ ጥቅምት ይመጣብኛል።

የምንኖረው በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ ካሉት የቆዩ ቤቶች በአንዱ፣ በቀበሌ ኪራይ ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር እናቴ ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ሳፋና ድስት ደርድራ፣ ሲሞላ እየደፋች፣ መልሳ እየደረደረች ከውኃው ጋር ስትታገል ትውል ነበር። ፈረስ መጋላ ገበያ ልብስ ይሰፋ የነበረው አባቴ ግን የሚፈራው ዝናቡን አልነበረም። ከተማው ለጎብኚ ሊታደስ ነው፣ አሮጌዎቹ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ይሆናሉ፣ የሚኖርባቸው ሰው ግን ይነሳል የሚል ወሬ ማታ ማታ ይዞ ይመጣ ነበር። በዚያው ክረምት ከእኛ ሁለት በር አልፈው የነበሩት ጎረቤቶች ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከግንቡ ውጭ ወጡ። ከዚያ በኋላ እናቴ ወረቀት የያዘ ሰው በመንገዳችን ካየች የጀመረችውን ጨዋታ አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅ ነበር።

መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲጠና፣ በየዓመቱ እንደምታደርገው ግድግዳውን ኖራ ቀባች። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሳለሁ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ደብተር ይዞ መጣና ቤቱን ዙሪያውን አየ።

«እናትሽ የለችም?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«በይ ነገ ጠዋት መጥተን እናነሳችኋለን በያት። ሁላችሁም ጠብቁን።»

የት ልትወስዱን ነው ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ሰው ፊት መናገር ግን ሞቴ ስለነበር የእግሬን ጣቶች እያየሁ ሳለሁ ሄደ።

እናቴ ስነግራት ዘንቢሏን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። «ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ። ምን አለ?»

«እናነሳችኋለን።»

አባቴ ሲመጣ ዕቃ መጠቅለል ጀመርን። ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተሰቀሉትን ሳህኖች አንድ በአንድ አውርደን በአንሶላ ጠቀለልን፣ አልጋውን ፈታታን፣ ከነጩ ግድግዳ ላይ ምስማሮቹ ብቻ ቀሩ። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ኳኳታውን ሰምተው ገቡና «አስካለ፣ እኔ ያልተጠራሁበት ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ። እናቴ ስትነግራቸው መደቡ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፤ ከባድ ሴት ነበሩ።

«ወላሂ፣ ነገ እዚህ በር ላይ ነው የምቀመጠው። መጀመሪያ እኔን ያንሱ። እኔን የሚያነሳ ጉልበተኛ ካለ እናየዋለን።»

ማንም አልሳቀም።

ጠዋት በቋጠርነው ዕቃ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እማማ ዘይነባም እንዳሉት በርጩማቸውን አምጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ካሜራ ካንጠለጠለች ወጣት ጋር መጣና በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ።

«ምነው፣ ልትሄዱ ነው?»

«ልታነሱን አይደል የመጣችሁት?» አለ አባቴ።

«አዎ። ፎቶ።»

እማማ ዘይነባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ እኔም መግቢያ አጣሁ። ሰውዬውም ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ሰው የሚኖርባቸውን ቤቶች ነው የምንመዘግበው። ቤቱ እንዲህ ከተነሳማ ሰው የማይኖርበት ነው የሚመስለው። ሰው የሌለበትን ቤት ደግሞ ለእንግዳ ማረፊያ ነው የሚሰጡት» አለ። «እኛም ገና ብዙ ቤት ይቀረናል፤ ተመልሰን መምጣታችንን እንጃ።»

እናቴ «ጥቂት ቆዩን» ብላ አንሶላውን መፍታት ጀመረች። እኔ ሳህን አቀብላለሁ፣ አባቴ ይሰቅላል፣ እማማ ዘይነባ ደግሞ ሰዎቹ እንዳይሄዱ በጥያቄ ይዘዋቸዋል፤ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አግብተው እንደሆነ፣ ካላገቡም ምን እንደሚጠብቁ ይጠይቋቸዋል። አንድ ሳህን ቢወድቅብኝ ቤቱ የሚሄድብን ይመስለኝ ነበር። የመጨረሻው ሲሰቀል ወጣቷ አነሳችን። ፎቶው ላይ እኔ የምታየው ግማሽ ፊቴን በእናቴ ነጠላ ሸፍኜ ነው።

ቤቱ አልተወሰደብንም። ጣሪያው ታድሶልን ክረምት ሳፋ መደርደር ትተናል፤ ጎብኚም ጫማውን አውልቆ ይገባና አይቶ ይሄዳል። ያኔ መንገዳችን ጭቃ ነበር፣ ሰዉ ግን ከበር በር ይጠራራ ነበር። አሁን ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም ያምራል፤ ብዙው ቤት ግን ማረፊያ ሆኖ እንግዳ በሌለ ቀን ተቆልፎ ይውላል። እማማ ዘይነባንም ባለፈው ዓመት ልጆቻቸው ቤታቸውን ለማረፊያ አከራይተው ወደ አቦከር ሰፈር ወሰዷቸው። ዕቃቸውን ተሸክሜ ስሸኛቸው በራችን ላይ ሲደርሱ ቆሙና ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺ እንደሆንሽ መናገር ታፍሪያለሽ» አሉኝ። «ሰው መጥቶ ‹ቤቶች› ሲል ግን እንዳታፍሪ። ጮክ ብለሽ ‹አለን› በይ።»