ከጉልላት ጎን ያለው ክፍል

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ጉልላት የቀረበት ደጃዝማችነት አይደለም፤ ጓደኛው መሸሻ ነው።

ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሸማኔዎች የመሸመኛ ጉድጓዳቸውን ጎን ለጎን ቆፍረው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ሸምነዋል። መሸሻማ አፉ አያርፍም። «ያንተ ጋቢ ውስጥ እኮ ነፋስ ከነቤተሰቡ ነው የሚገባው!» እያለ ጉልላትን በሳቅ ይገድለው ነበር።

ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ሲል ፀሎት የምትባል የፕሮጀክት ባለሙያ መጣች። ደግ ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። በአውሮፓ የተዘጉ ፋብሪካዎችና የተረሱ ሰፈሮች በባለእጆችና በአርቲስቶች ነፍስ እንደዘሩ፣ እዚህም የእደ ጥበብ ማዕከል እንደሚሠራ፣ ለጉልላትም ቦታ እንደተያዘለት አስረዳችው።

«ጋሼ ጉልላት፣ አብሮዎት እንዲገባ የሚፈልጉት ሰው አለ?»

አለ ማለት ምን ይከብዳል? እሱን ግን ከበደው። ቦታ ተሰጥቶት ጓደኛ ልጨምር ማለት፣ ጎርሶ ሲያበቃ መሶቡን ልውሰድ ማለት መሰለው። «እናንተ ታውቃላችሁ፣ የኔ ልጅ» አላት አንገቱን ሰብሮ። እሷም ሰው የለውም ብላ ሄደች። ወይ ይሉኝታ! መሸሻ ከከተማው ማዶ ኮንዶሚኒየም ደረሰው።

ማዕከሉ አምሯል፤ ዙሪያው መስታወት ነው። ጎብኚው ፎቶ ያነሳዋል፣ ያጨበጭብለታል፣ ይሄዳል። የሚተርበው ሰው የለም። አንድ ቀን ምሳውን ከፍቶ «ና እንብላ» ሊል ወደ ጎን ቢዞር መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ሳህኑን ከደነው።

በቀደም ፀሎት ብቅ ብላ «ከጎንዎ ያለው ክፍል ሰው ካልተገኘለት ለካፌ ሊሰጥ ነው» አለችው።

«ሰው አለኝ!» ብሎ ሲጮህ ደነገጠች። እዚያው ደወለ።

«መሸሻ፣ ና! ከጎኔ ክፍል አለ። ዛሬውኑ ና!»



«ያን ቀን ልጅቷ ስትጠይቅህ ከበር ውጭ ቆሜ ነበር እኮ። ስሜን ይጠራል ብዬ።»

«ሞኝ ነኝ፣ ይቅር በለኝ! ይኸው ጠራሁህ አይደል?»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈር፤ የሽመና እቃውን ለማገዶ ሰጠሁት። እግሬም ረስቶታል።»

«ይርሳው! አንተ ቁጭ ብለህ ስደበኝ እንጂ እኔ እሸምናለሁ።»

«እሺ» አለ መሸሻ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው በትህትና። «እንደዋወላለን።»

ስልኩ ተዘጋ። ፀሎት ፈገግ ብላ «ይመጣሉ?» አለች።

«ለካፌው ስጡት፣ የኔ ልጅ» አላት።