ስም የለሽ ጠርሙሶችና የቬርና አፍንጫ

ቬርና ፔንሃልና እኔ አጥር ለአጥር ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። ሰፈራችን ከአደላይድ ከተማ በስተደቡብ፣ ሞርፌት ቬል ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲሉ የወይን ማሳው ይጀምራል። ባሏ ክላይቭ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እሷ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጠርሙስ በሚሞላበት ክፍል ሠርታለች። ሥራዋ በፊቷ ከሚያልፉት ጠርሙሶች ክዳኑ የተጣመመውን መልቀም ነበር። ቅመሽ ብሎ ያስተማራት አለቃ የለም። ሆኖም ጋኖቹ ዘንድ የሚውሉት ሠራተኞች በምሳ ሰዓት በፕላስቲክ ኩባያ እየቀዱ ሲያቀምሷት፣ ቀስ በቀስ አፍንጫዋ ከእነሱ በለጠ። ፋብሪካው መሙያውን ዘግቶ ወይኑን በጅምላ መሸጥ ሲጀምር እሷም ከሥራ ወጣች።

ጊዜው ወይን የተትረፈረፈበት ነበር። ገበሬው አብዝቶ ተክሎ ፋብሪካው ማድረሻ አጥቶ፣ ጥሩውም መናኛውም ያለ ስም በጠርሙስ እየተሞላ በርካሽ ይቸበቸባል። ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዓይነትና ዓመቱ ብቻ በትንሽ ወረቀት ይለጠፋል እንጂ የማን እንደሆነ አይጻፍም። ክላይቭ ረቡዕ ረቡዕ ከመጠጥ መደብሩ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ ካርቶን በቅናሽ ይዞ ይመጣል። ሐሙስ እራት እነሱ ቤት ነው። አራት ነን፤ ክላይቭ፣ ቬርና፣ የክላይቭ ታናሽ ወንድም ዴስና እኔ።

ክላይቭ ትንሿ ወረቀትም እንዳትታይ ጠርሙሱን በረጅም የእግር ኳስ ካልሲ ከቶ ይቀዳል። ቬርና የበግ ትከሻ በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት ምድጃ ውስጥ አስገብታ፣ ድንችና ዱባ ጎን ለጎን ጠብሳ ታቀርባለች። ከዚያ ብርጭቆዋን አንስታ አፍንጫዋን ትከታለች። ሁላችንም ዝም።

«በይ አፍንጫዬ፣ ከየት ነው የመጣው?» ይላታል ክላይቭ።

«ከኛው ኮረብታ ነው። ባሕሩ ከሚነፍስበት በኩል። በርሜሉ ግን አርጅቷል፤ እንጨቱ ደክሟል።»

«ያረጀሽስ አንቺ!» ይላል ዴስ። «አራት ዶላር የተሸጠ ወይን በርሜል አይቶ ያውቃል?»

«አንተ ዝም በል። ያንተ ወይን እኮ ቤቱ ካርቶን ነው፤ ቧንቧ ተገጥሞለት።»

አንድ ጊዜ ክላይቭ አላምን ብሎ የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ ደወለ። ያለችው ልክ ነበር፤ የትኛው ጋን እንደሆነ እንኳ አልሳተችም። እንዲህ ስል ለሰው ጉረኛ ትመስላለች፤ እሷ ግን ጉራ አታውቅም። ልጅ አልወለደችም፣ ትምህርቷን በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው የተወችው። በዕድሜዋ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ያዳመጣት ሐሙስ ማታ ያቺን ብርጭቆ ስታነሣ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ከመናኛዎቹ መሐል ግሩም የሆነ ይወጣል። ያን ጊዜ ሥጋውን እንኳ ረስተን፣ እሷ እያወራች እኛ እየጠጣን፣ ክላይቭ በማግስቱ ከመደብሩ የቀረውን ሊያፍስ ይምላል።

በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ወዲህ የሆነ ነገር ተለወጠ፤ እኔ ግን አልገባኝም። ቬርና መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደኔ ዞራ «ቤሪል፣ እስቲ ዛሬ አንቺ ጀምሪ፤ ምን ሸተተሽ?» ማለት ጀመረች። እኔም «ፕሪም ፕሪም ይላል» እላለሁ። «አዎ ፕሪም፣ የደረቀው ፕሪም፣ ትንሽም ትምባሆ አለበት» ትላለች። ልቤ በኩራት ያብጣል። ከእሷ እየተማርኩ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካ እሷ ከኔ አፍ ነበር የምትለቅመው።

ሌላም ነበር። በሰኔ የተበላሸ ወተት የተጨመረበት ወጥ አቅርባ ክላይቭ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተፋው። የእጅ ፎጣ ምድጃው ላይ ሲጨስ እሷ አጠገቡ ድንች ትልጥ ነበር። ሽቶ አብዝታ መቀባት ጀመረች፤ አጥሩ ጋ ሆኜ መምጣቷን በሽቶዋ አውቃለሁ። ዕድሜ ነው ብለን አለፍነው።

በሐምሌ አንድ ሐሙስ ዴስ ሁለት ጠርሙስ በካልሲ ከቶ ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ሊደብቀው ያልቻለ ፈገግታ ነበር።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማቀርበው» አለ። «ሁለት ወይን። ለንግሥቲቱ ፈተና።»

ቬርና የመጀመሪያውን አሸተተች፣ ቀመሰች። ወደኔ አየች። ዴስ ግን ጣቱን ወዘወዘ፦ «ቤሪልን መጠየቅ ክልክል ነው!»

«ይሄ የኛው አካባቢ ነው» አለች ቬርና ቀስ ብላ። «ዘሩ ሺራዝ ነው። ወጣት ነው።» ሁለተኛውን አነሣች። «ይሄኛው ከሰሜን ነው፣ ከሞቃቱ አገር። የቆየ ነው። የበለጠ ክብር አለው።»

ዴስ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። ካልሲዎቹን ገፈፈ። «ሁለቱም አንድ ናቸው! ሁለቱንም የቀዳሁት ከኔው ካርቶን ነው፣ ከቧንቧው! ክብር አለው አለች! ሰማችሁ?»

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ክላይቭማ ዓይኑ እስኪያነባ ነው የሳቀው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳሳት ማየቱ ነበር። «አይ አፍንጫዬ፣ በካርቶን ወደቅሽ!» አላት። ቬርናም ትንሽ ሳቀች፣ «ጉንፋን ይዞኛል» አለች፣ ሳህን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እንዲህ ያለ ተንኮል ማንንም ያሳስታል፤ ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ጥቂት ቆይቼ የቀሩትን ብርጭቆዎች ይዤ ተከተልኳት። በሩን ስከፍት የጋዙ ሽታ ፊቴን መታኝ። የምድጃው አንዱ ቁልፍ ሳይታወቃት ሽርጧ ነክቶት ይሁን ሌላ፣ ተከፍቶ ያለ እሳት ይነፍሳል። ቬርና አጠገቡ ቆማ ሳህን ታጥባለች። ዘልዬ ቁልፉን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድኩ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ጋዝ ነው ቬርና። ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይላል።»

እጇ ላይ ያለው አረፋ እየተንጠባጠበ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ምንም የለም» አለች። «ምንም። ከሚያዝያ ጀምሮ። አንድ ጠዋት ተነሣሁ፣ ክላይቭ ቂጣ አቃጥሎ ይራገማል፣ እኔ ጭሱን አያለሁ፣ ሽታው የለም። ጉንፋን ነው፣ ይመለሳል እያልኩ ጠበቅሁ።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ቤሪል፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ?» ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳትነግሪው። ማይልኝ።»

ማልኩ። ሳሎን ውስጥ ወንድማማቾቹ አሁንም ይስቁ ነበር።

ያ መሐላ ሦስት ሳምንት አነቀኝ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው በመስኮቴ የእነሱን ጣሪያ ማየት ሆነ። ክላይቭ ሲጋራ ያጨሳል፤ ወጥ ቤት ገብቶ ክብሪት የሚጭርበት ቀን ይመጣል እያልኩ እፈራለሁ። ሁለት ሐሙስ እራት በላን፤ ቬርና «ዛሬስ አልገምትም፣ ዴስ አስኮረፈኝ» እያለች ታመልጣለች። በመጨረሻ ክላይቭ የሎሚ ዛፉን ሲከረክም አጥሩ ጋ ጠርቼ ነገርኩት።

መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ጋዝ?» አለ። «እኔ ተኝቼ ባለሁበት ቤት?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ለኔ ሳይሆን ላንቺ ነገረች?»

«አልነገረችኝም፤ ደረስኩባት።»

«አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው እኮ፣ ቤሪል።»

የዚያን ቀን የሆነውን ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሰማሁ። መጮህ የማያውቅ ሰው ጮኸ። ቬርና የመለሰችለትን አልሰማሁም፤ በማግስቱ ግን አጥሩ ጋ ስታየኝ ፊቷን አዙራ ገባች። ለስድስት ሳምንት አላናገረችኝም። የዘጋችኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንደገና ቢሆንም እነግረው ነበር። ቢሆንም ሐሙስ ሲመጣ ብቻዬን ቋሊማ ጠብሼ ስቀመጥ የምቆርጥበት ቢላዋ ድምፅ ራሱ ይሰለቸኝ ነበር።

የሆነውን ከክላይቭ ነው የሰማሁት። የአፍንጫ ሐኪሙ አፍንጫዋን አይቶ ደህና ነው አለ። ደህና መሆኑ ነው ያሰጋው፤ ወደ ነርቭ ሐኪም ላካት። ያቺ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቬርናን ኮሪደሩ ላይ እስከ ጫፍ ሄደው ይመለሱ አለቻት። ስትመለስ «ግራ እጅዎ ሁልጊዜ እንዲህ ሳይወዛወዝ ነው የሚቀረው?» ብላ ጠየቀቻት። ወረቀት ሰጥታ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግማ አጻፈቻት፤ ፊደሉ መስመሩ መጨረሻ ላይ ደርሶ እንደ ጉንዳን አነሰ። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እያደር የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ ነው አለቻቸው። ማሽተት አንዳንድ ሰው ላይ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ነው የሚጠፋው፤ ባይመለስም እንዳይደንቃቸው ነገረቻቸው።

«መኪና ውስጥ ገባን» አለኝ ክላይቭ። «ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ቢያንስ ዴስ አላሸነፈኝም› አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ መንዳት አቃተኝ። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው፣ ከሐኪም ቤቱ ግቢ መውጣት አቃተኝ።»

ዴስ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አፉ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ በመኪናው ጭኖ መጥቶ ጋዙን ነቅሎ ሲገጥም ዋለ። ቬርና በር ላይ ቆማ «ብሎኑን አጣመምከው» እያለች ስትነዘንዘው እሱ ፈትቶ እንደገና ያጠብቀው ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ እዚህ ፀደይ ሲገባ፣ አጥሩ ተንኳኳ።

«ቤሪል!» ድምፁ የቬርና ነው። «ተኮራርፈን ልንሞት ነው እንዴ? ሐሙስ ነው። ሥጋው በዝቷል።»

ሄድኩ። ጠርሙሱ ራቁቱን ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ክላይቭ ቀዳ። ማንም ብርጭቆውን አላነሣም። በመጨረሻ እሱ አነሣና ሕይወቱን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አፍንጫውን ከተተ።

«እንግዲህ...» አለ። «ይሄ... ፀሐይ ላይ የዋለ የአውቶቡስ መቀመጫ ይመስላል።»

«የኋላው ነው የፊቱ?» አለች ቬርና።

«የኋላው። ተማሪዎች የሚቀመጡበት። ሙዝ የረሱበት።»

ቬርና እስኪያስላት ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «በቃ» አለች። «አታጫውቱኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ንገሩኝና እንብላ። ጥሩ ነው?»

ክላይቭ እኔን አየኝ። ወይኑ ግሩም ነበር። በዚያ ዋጋ እንደዚያ ያለ ቀምሰን አናውቅም። መዋሸት ቀላል ነበር።

«ጥሩ ነው ቬርና» አልኳት። «በጣም ጥሩ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ጠጣች፣ ምላሷ ላይ አቆየችው። «ይኮመጥጣል። ይመርራል። ይሞቃል» አለች። «እኔ ጋ የሚደርሰው ይሄ ነው።» የበጉን ሥጋ ቆራርሳ በላች፤ ጨው ብቻ ነው የሚሰማኝ አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራን።

አሁን ሦስት ዓመት ሆነው። መድኃኒቱ እጇን ረድቷል፤ እግሯን ግን አልረዳም፤ ባለፈው መጋቢት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታ ምርኩዝ ይዛለች። አንድ ቀን እኔና እሷ ብቻ ሆነን ወይኑ ያን ያህል እንደማይቆጫት ነገረችኝ። «የክላይቭ አንገት ነው» አለች። «ከሥራ ሲመጣ ናፍጣና ሳሙና ይሸት ነበር። አሁን አጠገቤ ሲተኛ ማን እንደሆነ የማውቀው በማንኮራፋቱ ነው።» እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሐሙስን አልተውንም። ቬርና ቀዩን ትታ አረፋ የሚያወጣውን ርካሽ ነጭ ወይን ይዛለች፤ እሱም ስም የለሽ ነው፣ መደብሩ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ይከመራል። አረፋው አፍንጫዋ ውስጥ ሲፈነዳ ይኮረኩራታል፤ ሽታ ባይሆንም መድረሱን ታውቃለች። ክላይቭ ነጭ ወይን አይወድም፤ ከበግ ጋርማ ነውር ነው ይል ነበር። አሁን ግማሽ ብርጭቆ ለእሷ፣ ሙሉ ለራሱ ይቀዳል፣ ፊቱን ኮምተር አድርጎ ከበጉ ጋር ይጠጣዋል።