ቃሉን አትንገሩኝ

መጀመሪያ የጠፋኝ ቃል «መስኮት» ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ክርያት ያም በሚገኝ አንድ ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ለአዲስ ገቢዎች ዕብራይስጥ አስተምር ነበር። ከፋሲካ በኋላ በአንድ ተራ ቀን ጠዋት መስኮቱን በጣቴ እያሳየሁ ስሙን ልናገር አፌን ስከፍት ምንም አልወጣም። በዕብራይስጥ አልመጣም። በአማርኛም አልመጣም። ተማሪዎቼ የጥያቄና መልስ ጨዋታ የጀመርሁ መስሏቸው እየተሽቀዳደሙ ይመልሱ ጀመር። አንዱ በር አለ፣ አንዷ ፀሐይ አለች፣ ሌላው ባሕር አለ። እየሳቁ ነበር። እኔም አብሬያቸው ልስቅ ሞከርሁ። ያኔ ነው ከፊት ወንበር የሚቀመጡት አባ ተገኘ ሳቃቸውን ያቆሙት።

«መምህርት፣ አፍዎ ተጣምሟል» አሉ።

ማርከሩ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ራሴን ወለሉ ላይ አገኘሁት።

ሆስፒታል። ሲቲ ስካን። ነጭ ጣሪያ። ባለቤቴ ይርጋ የፋብሪካ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ። ስሙን ልጠራው ፈለግሁ። አልቻልሁም። ልጃችን አቪቫ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እሷንም መጥራት አልቻልሁም። ሐኪሟ ኢስኬሚክ ስትሮክ ነው አለች፤ የረጋ ደም ወደ ግራው የአንጎል ክፍል የሚሄደውን ደም ሥር ዘግቶታል። ንግግር ላይ የደረሰውን ጉዳት አፌዢያ ይሉታል። የምትለው ሁሉ ይገባኝ ነበር። ክፋቱም ይኸው ነው።

«ቃላቱ አልጠፉም» አለችኝ ሐኪሟ። «መንገዱ ነው የተዘጋው። ሌላ መንገድ ትከፍቻለሽ፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።»

ስንት ጊዜ ብዬ ልጠይቃት አልቻልሁም።

በሰኔ፣ የእስራኤል በጋ ሲገባ እግሬ ተመለሰ፣ እጄም እያደር ተመለሰ። አፌ ግን አልተመለሰም። የኡልፓኑ ኃላፊ ልትጠይቀኝ መጥታ ክፍሉን እስከ መስከረም በዓላት ማግስት እንደምትጠብቅልኝ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ መምህር ከመቅጠር ሌላ ምርጫ አልነበራትም። አልፈረድሁባትም። ግን ቃል የሌላት የቋንቋ መምህርት ሆኜ መቅረቴ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የመረረኝ የሰዉ ችኮላ ነው። «ው...» ብዬ ስጀምር ይርጋ «ውሃ?» ይላል። ራሴን እነቀንቃለሁ። «ውጪ? ወጥ? ወንበር?» እናቴ፣ እኛ ቤት አደይ ነው የምንላት፣ ከወጥ ቤት ሆና የራሷን ትጨምራለች። ጠያቂ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ ገብቶ እንዴት ነሽ ሲለኝ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ሌላ ሰው ይመልስልኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔን ወለምታ ግን ያላሸው አልነበረም። ሁሉም ከፍቅር ነው። እኔ ግን በየቀኑ በንዴት እቃጠል ነበር።

ከመታመሜ በፊት አንድ ሱስ ነበረኝ፤ ተሽቤጽ ሂጋዮን። ተራ የቃላት እንቆቅልሽ አይደለም። እያንዳንዱ ፍንጭ ሰምና ወርቅ ያለው ነው፤ ላይ ላዩን አንድ ነገር ያወራል፣ መልሱ ሌላ ቦታ ተደብቋል። ለሮሽ ሀሻና፣ ለአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ጋዜጣው ሁለት ገጽ የሚሞላ፣ ሰው የሚያሳብድ ትልቅ ተሽቤጽ ያወጣል። እሱን በኢንተርኔት ፎሩም ተሰብስበን የምንፈታ፣ በመልክ የማንተዋወቅ ሰዎች ነበርን። ማዕዘን ማዕዘኑን እንከፋፈላለን፤ የታችኛው ግራ ማዕዘን ሁልጊዜ የኔ ነው። ጥብቅ ደንብ አለን፦ በዓላቱ እስኪያልቁ መልስ በግልጽ መጻፍ ክልክል ነው። የገባው ሰው የሚያቀብለው ጭላንጭል ብቻ ነው።

የምታክመኝ የንግግር ቴራፒስት የዚያን ዓመት ተሽቤጽ ሳሳያት ፊቷን አጨፈገገች። ይህ ለጤነኛም ራስ ምታት ነው፣ በሥዕል ካርዶቹ ብንቀጥል ይሻላል አለችኝ። የፈረስና የማንኪያ ሥዕል ግን አንገፍግፎኝ ነበር። እምቢ አልሁ፤ «እምቢ» ማለት መቼም አልጠፋኝም።

መጻፉም ከመናገሩ አይሻልም፤ አንድ መስመር ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቢሆንም ማዕዘኔን ያዝሁ። ከፍንጮቹ አንዱ ስለ አውራጃ አስተዳደር የሚያወራ ይመስላል፤ የሚፈልገው ግን በዕብራይስጥ ሦስት ፊደል ያለው የወጥ ቤት ዕቃ ነበር። ገባኝ። ዕቃው ዓይኔ ላይ አለ። እጄ ራሱ ይነቀንቀዋል። ስሙ የለም። በዕብራይስጥ የለም፣ በአማርኛ የለም፣ በአደይ ትግርኛም የለም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። በመጨረሻ ፎሩሙ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ዱቄት ከላይ። እጅ ይነቀንቃል። የጠራው ከታች።»

ወዲያው ተሰረዘ። «መርፌ» በሚል ስም የሚጽፈው የፎሩሙ አስተዳዳሪ፣ መልሱን ለሁሉም ዘርግፈሽ የሰውን በዓል አበላሸሽ ብሎ ገሠጸኝ። ሌሎችም ተከትለው ወረዱብኝ። እኔ ያጣሁትን መልስ ለሁሉም አድዬ እኔው ባዶ እጄን ቀረሁ! በንዴት፣ ለአንዳቸውም ያልነገርሁትን ጻፍሁላቸው፦ «ስትሮክ ነበረኝ። ቃሉ የለኝም። ዱቄት ያልሁት ስላጣሁት ነው።»

በማግስቱ መርፌ መለሰ። «አዝናለሁ። ጽሑፍሽ ግን እንደተሰረዘ ይቆያል» ይላል። «ለአንቺም ማንም መልሱን አይነግርሽም። ቦታው ያንቺ ነው፤ እንጠብቅሻለን።»

መጀመሪያ ሰደብሁት፤ ቃላት ስላልነበሩኝ በሆዴ ነው። ደንበኛ ይቅርታ ነበር የጠበቅሁት። ደግሜ ሳነበው ግን፣ ከታመምሁ ጀምሮ ቃል ከአፌ ያልነጠቀኝ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ታየኝ። አባላቱም ጭላንጭል ማቀበል ጀመሩ። አንዷ፣ ሲነቀነቅ ምን ድምፅ አለው ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው፣ በልጅነትሽ ማን እጅ ላይ አየሽው አለኝ። አንዱ የዕብራይስጡን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፈልኝ። ይህን ለቴራፒስቷ ሳሳያት ሳቀች፤ የኔን ሥራ እየሠሩልሽ ነው አለች። መንገዱ በሽተኛው ራሱ ሲፈልገው ነው የሚከፈተው፤ ረዳት አቅጣጫ ነው የሚጠቁመው።

የመርፌን መልስ ለይርጋ አስነበብሁት። ከዚያ እጄን አፉ ላይ ጫንሁ።

«ስትሰቃዪ እያየሁ ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ ዝም ልበል?» አለ።

ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎን አልሁት።

«ቤሰደር» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ቀላል አልነበረም። እኔ ስንተባተብ እሱ ጉልበቱን ጨብጦ ይቀመጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። አደይ ደግሞ ዝምታውን አይታ ተጣልታችኋል ወይ ትላለች። ስንት ጊዜ ሳይወጣልኝ ቀርቶ ተነሥቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ስንት ጊዜም ይርጋ አምልጦት ተናግሮ አኮረፍሁት።

በሱኮት፣ በዳስ በዓል፣ ከሕንጻችን ግቢ በሠራናት ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ምሳ ስንበላ፣ ሳልፈልገው «ወንፊት» አልሁ። የይርጋ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ዕብራይስጡን እስካወጣው ጠበቀኝ። ጥቂት ቆይቶ ዕብራይስጡም ተከተለ፤ «ናፋ»፣ ወንፊትም አውራጃም ማለት ነው። አለቀስሁ። ከደስታዬ የተነሣ የቀረውን ምሳ መብላት አልቻልሁም።

ተሽቤጹ በጊዜው አላለቀም፤ የኔ ማዕዘን ግማሹ ባዶ ነበር። ማንም አልሞላብኝም። ከበዓላቱ በኋላ ወደ ኡልፓኑ በግማሽ ቀን ተመለስሁ፤ ከጀማሪዎች ጋር ስለነበርሁ ቀስ ብዬ መናገሬን ወደዱልኝ።

ይህን የምታነቡ ምናልባት እናንተም በዚሁ ሕመም ውስጥ ናችሁ። የሰው ፊት ባንድ በኩል ከወደቀ፣ ክንዱ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ያልፍለታል ብላችሁ አትቀመጡ፤ አምቡላንስ ጥሩ። የደም ግፊት መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም። አስታማሚዎች ደግሞ፣ የሚፈልገውን ቃል ብታውቁትም ያዙት። በረሃብ ወይም በሕመም ካልተጨነቀ በስተቀር አትንገሩት። ይናደድባችኋል፤ ይናደድ። ሐኪሞቼን፣ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸውን የፎሩም ወዳጆቼን፣ ከሁሉ በላይ ይርጋን አመሰግናለሁ።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አሁን አቪቫ ወታደር ናት። ባለፈው እሑድ ጠዋት ወደ ጦር ሰፈሯ ስትመለስ ልመርቃት በር ድረስ ሸኘኋትና ስሟ ጠፋኝ። የገዛ ልጄ ስም። ከጎረቤት ከተማ ከክርያት ሐይም የሚነሣው ባቡር ሰዓቱ ሊደርስ ነው። ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንዲት ፊደል እንኳ አልረዳችኝም። ባቡሩ አመለጣት፤ ስሟን ግን ጠራኋት።