የቀረው ነዳጅ

ዴልበርት ክራውስ በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ሥራው በሆዱ መተኛት ነበር። ካንሳስ ውስጥ ስንዴ የሚያጭዱት ወንድሞቹ «እሱማ ተኝቶ ደመወዝ ይበላል» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ ደግሞም አልዋሹም። አየር ላይ ነዳጅ በሚያድለው አውሮፕላን ጅራት ሥር በደረቱ ተጋድሞ፣ በትንሽ መስኮት ቁልቁል እያየ፣ ከኋላ ለሚከተለው ተዋጊ ጀት ረጅሙን ቧንቧ ያጎርሳል። ጀቶቹ ሆዳሞች ናቸው። ከታይላንድ ተነስተው ሰሜን ቬትናምን ደብድበው ለመመለስ መንገድ ላይ ካልጠጡ አይሆንላቸውም። በዚያ ጦርነት ስንቱን እንዳጠጣ እሱም አያውቀውም።

ዌንደል የሚባለውን አብራሪ ግን አልረሳውም። የዌንደል ጀት ታንኩ በጥይት ተበስቶ መጣ፤ የሚሰጡትን ያህል ያፈሳል። ሁለቱ አውሮፕላኖች በቧንቧ እንደተያያዙ ወደ ባሕሩ አቀኑ። ባሕር ላይ በጃንጥላ ቢዘል ሄሊኮፕተር ያነሳዋል፤ ጫካው ላይ ከዘለለ ግን የሚደርስለት የለም። መንገድ ላይ ሳሉ ካፒቴኑ «ዴል፣ ንቀለው» አለ። «የምናርፍበት ጣቢያ ላይ አውሎ ነፋስ አለ ብለዋል። ሌላ ቦታ ማረፍ ካለብን መጠባበቂያ ያስፈልገናል።» እነ ዴልበርት አውሮፕላን ውስጥ አራት ሰው ነበር። ዴልበርት ነቀለው። ዌንደል በሬዲዮ «በቃ፣ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፤ ደህና ግቡ» ብሎ ወደ ደመናው ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። እነ ዴልበርት ጣቢያው ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ጥራት ምን ያደርጋል!

ጦርነቱ አልቆ ዴልበርት ዊቺታ ውስጥ ጎማ ቤት ከፈተ። ስለ ዌንደል ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ከዓመታት በኋላ የዌንደል አባት፣ ኤመት የሚባሉ የኔብራስካ ገበሬ፣ ከካፒቴኑ አድራሻውን ጠይቀው መጡ።

«ልጄን ያጠጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ትራክተር ስነዳ ኖሬያለሁ፤ የነዳጅ ነገር አይጠፋኝም። ስታርፉ የቀራችሁ ነበር?»

ዴልበርት ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ ውሸት ሲያሰናዳ ኖሯል። ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን አፉ እምቢ አለው።

«ቀርቶን ነበር።»

«ባሕሩ ጋ ያደርሰው ነበር?»

«ያደርሰው ነበር።»

ሽማግሌው ከተደረደሩት ጎማዎች አንዱ ላይ ቁጭ አሉ። ዴልበርት ቢሰድቡት፣ ቢመቱትም ደስ ባለው። እሳቸው ግን በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱ።

«እናቱ መኪና ውስጥ ናት» አሉ። «ለእሷ እንዲህ እንዳትላት። ይኼ እኔው ጋ ይቅር።»

ዴልበርት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የዌንደል እናት ወይዘሮ ሎይስ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው ሲጠብቁት አገኛቸው።

«ያላችሁን ሁሉ ሰጥታችሁታል፣ አይደል?»

«ሁሉንም፣ እመቤቴ። ጠብታ አልቀረንም።»

እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ቧንቧውን የነቀለበት እጁ ነበር፤ ሊነጥቃቸው ግን አልቻለም።