ከካያኩ ያልተነሣሁበት ጠዋት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለፊርማ ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው መንደሩ ያን ጠዋት እንደፈለገው ስለሚያወራው ነው። «አሳዳጊዋን ተቀምጣ አሳለፈቻቸው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ተቀምጬ አሳልፌያቸዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ይሰማ።

መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ጅረት ሆኖ በቄጠማው መሀል ቀስ ብሎ ይወርዳል። በጋ አይደርቅም። በየበዓሉ ዋዜማ ቄጠማ አጭጄ ገበያ የማወጣው ከዚያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስላጨድኩ የቱ ጋ ጥልቅ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ዳክዬ እንደምትፈለፍል አውቃለሁ። እኛ አጫጆች ጎጆ ካገኘን ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ሳናጭድ እንተዋለን። ማንም አላዘዘንም፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

አምና የወጣቶች ማኅበራችን ሁለት ካያክ ተሰጠው። ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ነው፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፣ በመቅዘፊያ ይሄዳል። መንደርተኛው «ገንዳው» ይለዋል። ወፍና አውሬ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚመራ አንድ ሰው ይመረጣል ተባለ። ሁሉም የማኅበሩ ጸሐፊ ይሆናል ብሎ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፣ አፍም አለው። እኔ እጄን አወጣሁ። ስብሰባ ላይ እጅ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንቺ?» አለ ጸሐፊው። «ሰው ሲያይሽ ነጠላሽ ውስጥ የምትደበቂ፣ እንግዳ ልትመሪ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፣ እጄን ግን አላወረድኩም። በመጨረሻ ሁለታችንም እንድንፈተን ተወሰነ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ብቻዬን እየሄድኩ ተለማመድኩ። አያ ሰሙ። አያ የምላቸው የአባቴን ታላቅ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አልጮኹብኝም። «ዓይኔ እዚያ ገንዳ ውስጥ ካየሽ ልጄ አይደለሽም» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም ነበር።

የፈተናው ቀን ተነሥቼ ሄድኩ።

ከደብረ ማርቆስ ሁለት መምህራን መጡ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። መሪውን የሚመርጡት ሴትዮዋ ነበሩ። እሳቸው ከእኔ ጋር ከፊት ተቀመጡ፤ ባልደረባቸው ከጸሐፊው ጋር። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ውሃው ግን ከአየሩ ስለሚሞቅ እንፋሎት ይነሣበታል። ጸሐፊው ገና ከመነሣታችን ማስረዳት ጀመረ፤ የማኅበሩን ታሪክ፣ የጅረቱን ርዝመት። ሁለት ሽመላዎች ድምፁን ሰምተው ተነሥተው በረሩ።

እኔ ምን እንደምል ጨንቆኝ ዝም ብዬ ቀዘፍኩ። ሳይታጨድ የተረፈ ቄጠማ ባየሁ ቁጥር መቅዘፊያዬን ከውሃ አውጥቼ በጣቴ አሳያለሁ። በአንዱ ውስጥ ዳክዬዋ አንገቷን አቀርቅራ ተኝታለች። ካያኩ በአጠገቧ ሲያልፍ አንድ ዓይኗን አዞረችብን እንጂ አልተነሣችም።

«ይህን ማን ተወላት?» አሉ መምህርቷ በሹክሹክታ።

«እኛ ነን። ስናጭድ።»

ዞር ብለው አዩኝ። ከደኑ ጫፍ ላይ ጉሬዛዎች ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል፤ ነጭ ጭራቸው ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። ከሥራቸው አንዲት ድኩላ ውሃ ትጠጣለች። መምህርቷ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔም ያን ጊዜ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም አልኩ በልቤ።

መሻገሪያው ጋ ስንደርስ አያ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው።

ጸሐፊው ቀድሞ አያቸው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል፤ እግር ራሱ ነው የሚነሣው፣ ሰው አያስብበትም። ጸሐፊውም አላሰበበትም።

«ኖር አያ!» ብሎ ካያኩ ላይ ብድግ አለ።

አያ «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ጸሐፊው ከነመምህሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ቄጠማ ራሳቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ድኩላዋ ጠፋች።

አያ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

እግሮቼ ለመነሣት ተሰብስበው ነበር። ጉልበቶቼን ከካያኩ ግድግዳ ጋር አጣብቄ ያዝኳቸው።

«አልነሣም አያ። ብነሣ እኚህን እንግዳ እገለብጣቸዋለሁ።»

«እኔ ቆሜ፣ አንቺ ተቀምጠሽ?»

«አዎ፣ እርስዎ ቆመው። መሬት ስወርድ እነሣልዎታለሁ፣ እግርዎንም እስማለሁ። እዚህ ግን አልነሣም።»

ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይንቀጥቀጥ። መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ከትቼ በፊታቸው አለፍኩ። ጸሐፊው ከኋላዬ ጫማውን ከጭቃ እየነቀለ፣ «እሷ እኮ ስለማታከብር ነው ያልወደቀችው!» አለ።

መምህርቷ የዚያኑ ዕለት እኔን መረጡ። ከካያኩ እንደወረድኩ ወደ መሻገሪያው ሮጥኩ፤ አያ ሄደዋል። ከቤት አላስወጡኝም፣ አላናገሩኝምም። ስምንት ቀን ሙሉ ለእኔ የሚሉትን ለባለቤታቸው ይነግራሉ። ገበያ ላይ አንዲት ጎረቤት፣ «ሽማግሌ ተቀምጣ የምታሳልፈው እመቤት መጣች!» አለችኝ። «ነይና ቆመሽ ሞክሪው» አልኳት። የዚያን ዕለት የሸጥኩት ቄጠማ ከወትሮው አላነሰም።

ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ስለ ምኑ? እንግዳዬን ደረቅ ስላወጣሁ? አያን እንደማከብራቸው እሳቸውም ያውቃሉ፤ ደጅ በወጡ በገቡ ቁጥር በእነዚያ ስምንት ቀናትም ብድግ እል ነበር። አንድም ቀን «በእግዜር» አላሉኝም። እኔም አንድም ቀን ከጅረቱ አልቀረሁም።

በዘጠነኛው ጠዋት መቅዘፊያዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወጣ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆምኩ። መቅዘፊያውን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«ሂጂ፣ እንግዶችሽ አይጠብቁ» አሉኝ። «ስትቀመጪ ግን አትጎብጪ። ከሩቅ የሚያይሽ ሰው የፈራሽ ይመስለዋል።»