ሳል የማያበላሸው መቅረጫ

ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ቤታቸው ዘፈን ሲቀርጹ፣ መሃል ላይ ሳል ይነሳባታል። በአሮጌው ቴፕ ደግሞ አንዴ ከሳለች ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። “ሆን ብለሽ ነው!” እያለ ስንቴ ደሙ ፈልቷል፤ በሌላው ሰላም የሆነ ትዳር በሳል ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ዛሬ ዲጂታል መቅረጫ ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ፣ ዓይኑ ሃያ አራት ድምፅ ለየብቻ በሚቀርጸው ባለ ሃያ አራት ትራኩ ላይ አረፈ። ሻጩ ግን ባለ ስምንቱን አውጥቶ ሁለቱን በየራሳቸው ትራክ ቀረጻቸው። እሷ እንደ ልማዷ ሳለች። ሻጩ የእሷን ትራክ ብቻ አጥፍቶ እንደገና አስዘፈናት፤ የባልየው ድምፅ ንክች አላለም።

ልብስ ሰፊው እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

“ግን ስምንት ይበቃናል?”

“ምን ነካህ የኔ ጌታ!” አለች ሚስቱ። “አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለእኔ፣ ስድስቱ ለሳሌ።”