ጭስ አልባው ምድጃና የአያ ታከለ መደብ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አዘዞ ባለው የጭስ አልባ ምድጃ ወርክሾፕ የተሰጠኝ ጭቃ ማቡካት ነበር። ሸክላ አፈር፣ የጤፍ ጭድና ውኃ ቀላቅዬ ስረግጥ ዋልሁ። ከአቡኪ ቀጥሎ ቅርጽ አውጪ፣ ከሱ በላይ ገጣሚ አለ። ገጣሚ ማለት ምድጃውን ሰው ቤት ወስዶ የሚተክል፣ ጭስ ማውጫውንም በጣራ የሚያወጣ ነው። እኔ ገጣሚ እስክሆን ብዙ ጭቃ ረግጫለሁ።

ኃላፊያችን አቶ ፈንታሁን ደንበኛ ሲመጣ ድስቱንና እንጨቱን ይጠይቃሉ። ድስቱ በምድጃው አፍ ልክ ካልገጠመ እሳቱ በጎን ያመልጣል። እርጥብ እንጨት ደግሞ በየትኛውም ምድጃ ይጨሳል።

አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ዘነብ ለምትባል ሴት አንድ ምድጃ ተከልሁ። በጭሱ የተነሳ ዓይኗ ያለቅሳል፤ ሕፃን ልጇንም ሳል አይለቀውም። ድስቷን ለካሁ፣ ባሕር ዛፉን ፈልጣ እንድታደርቅ ነገርኋት። ምድጃው ደኅና ነደደ።

ከወር በኋላ ላየው ስሄድ ምድጃው ጥግ ላይ ቀዝቅዟል። ጉልቻው ተመልሶ ቤቱ መሐል እሳት ይነድዳል። ሕፃኑ ይስላል።

«ምነው ዘነብ፣ ተበላሸ እንዴ?» አልኋት።

መልሱን የሰጡኝ አማቷ አያ ታከለ ናቸው። እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢ ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምድጃሽ ሸጋ ነው፤ ወጡን ያበስላል» አሉኝ። «እኛን ግን አያሞቀንም። የወገራ ብርድ ከጭሱ ይብሳል፣ ልጄ።»

ዘነብ ስትሸኘኝ ደጅ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄን ላድን ስል አማቴን በብርድ ልገድል ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ።

ለአቶ ፈንታሁን ስነግራቸው «ካልፈለጉት ነቅለሽ አምጪውና ለሌላ እንስጠው» አሉ።

«ፈልገውታል። የተከልሁበት ቦታ ነው ችግሩ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ቦታውን ቀይረሽ አንድ ጊዜ ሞክሪ» አሉኝ።

ምድጃውን ነቅዬ ከመደቡ ጋር አያይዤ ተከልሁት። ጭሱ በመደቡ ውስጥ በድንጋይ ቦይ መደቡን እያሞቀ አልፎ በወዲያኛው ጫፍ እንዲወጣ አደረግሁ። መጀመሪያ ስናቀጣጥለው ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ። ዘነብ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። አያ ታከለ ግን ከቦታቸው ሳይነሱ «ማውጫው አጥሮ እንዳይሆን» አሉ። ከጣራው በላይ ቧንቧ ቀጠልሁበት። መደቡንም በጭቃና በእበት ደግመን መረግነው፤ ስንጥቅ ካለው ጭሱ የተኛውን ሰው ይጎዳል።

ጭቃው ሲደርቅ እንደገና አነደድን። ቤቱ ጠራ። አያ ታከለ መዳፋቸውን መደቡ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዘነብን «ልጁን ወዲህ አምጪው» አሏት። አጠገባቸው አስተኙት። እሷም ጉልቻውን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ውጭ አወጣች።

አሁን አዳዲስ ገጣሚዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ምድጃ ከመትከላችሁ በፊት በዚያ ቤት ማን እንደሚበርደው ጠይቁ እላቸዋለሁ።